ምናባዊ ተራራማ ደሴቶች፦ ፏፏቴው፣ ወደቡና እሳተ ገሞራው ቦታቸውን ይዘዋል?

ባለብዕር (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ለልብ ወለድ የሚሆን የደሴቶች ካርታ ነው፤ ስማቸው «የጉም ደሴቶች»። አንባቢ ካርታውን ሲገልጥ እንዲህ ያለ ቦታ ሊኖር እንደሚችል እንዲያምን እፈልጋለሁ። ስለ ዓለት፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ባሕርና ስለ ተራራ መንገድ የምታውቁ፣ ሳትሳሱ አርሙት።

ስፍራው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 16 ዲግሪ ላይ፣ ከየትኛውም አህጉር ርቆ ውቅያኖስ መሀል ነው። ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል። ደሴቶቹ ስድስት ናቸው፤ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ በ150 ኪሎ ሜትር ውስጥ ተደርድረዋል።

ፍም፦ 2,400 ሜትር ከፍታ፣ 12 ኪሎ ሜትር ስፋት። የሚነድ እሳተ ገሞራ፣ ጫፉ ላይ በረዶ፣ ግርጌው ላይ ነጭ አሸዋ። ከጫፉ የሚወርደው ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲል ለሁለት ይከፈላል።
ጉምራስ፦ 3,100 ሜትር፣ እስከ ጫፉ ደን የለበሰ። ዋናው ከተማና ወደቡ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው ነው።
መንታ፦ በኮርቻ የተያያዙ ሁለት ተራሮች፣ ትልቁ 1,700 ሜትር። ኮርቻው ከባሕር 60 ሜትር ከፍ ይላል። አየር ማረፊያው በደቡብ ምዕራብ ከገደሉ ሥር።
ገደሎ፦ 1,500 ሜትር፣ በሸለቆ የተቆራረጠ። በደቡብ ምዕራቡ 300 ሜትር የሚወረወር ፏፏቴ።
ቀለበት፦ 600 ሜትር የሆነ አንድ ሹል ተራራ፣ ዙሪያውን ኮራል።
ሜዳ፦ ከባሕር 3 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ፣ ተራራ የሌለው የኮራል ቀለበት።

ጫካው ውስጥ ዝንጀሮና እባብ አሉ።

ዓለት_አንባቢ

ወንድሜ፣ ቅደም ተከተሉን በደንብ ይዘኸዋል። የሳተው ርቀቱ ነው።

እንዲህ ያለ ሰልፍ የሚፈጠረው ከምድር ቅርፊት በታች ያለ ትኩስ ነጥብ ባለበት ሲቆይና ከላዩ ያለው የቅርፊት ሰሌዳ ሲንሸራተት ነው። አዲሱ ደሴት ነጥቡ ላይ ይቀመጣል። አሮጌዎቹ እየራቁ፣ እየተሸረሸሩና እየሰጠሙ ይሄዳሉ። ሰሌዳው በዓመት 9 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል ብለን ብንይዝ በ1 ሚሊዮን ዓመት 90 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ያንተ 150 ኪሎ ሜትር 1.7 ሚሊዮን ዓመት እንኳ አይሞላም። በዚህ ዕድሜ ተራራ አልቆ እንደ ደሴትህ «ሜዳ» ያለ ጠፍጣፋ ቀለበት አይቀርም። ከሀዋይ ደሴቶች ካዋይ ዕድሜዋ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ዛሬም ከ1,500 ሜትር በላይ ቆማለች። በዚያው ሰልፍ ጠፍጣፋ ቀለበት ብቻ የሆነችው ሚድዌይ ግን ወደ 28 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል።

«ቀለበት» ያልከውን ደሴት ማዳን ይቻላል። ከታሂቲ እስከ ቦራ ቦራ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ቦራ ቦራ ደግሞ ልክ አንተ እንደሣልከው 727 ሜትር የሆነ የተራራ ቅሪት፣ ከዙሪያው የተኛ ውሃ፣ ከውሃው ውጭ ኮራል ነው። እንግዲህ ከፍም እስከ ቀለበት ያለውን 280 ኪሎ ሜትር አድርገው። ሜዳን ከሰልፉ አውጥተህ ቢያንስ 1,000 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ምዕራብ ውሰደው፤ ለታሪኩም ቢሆን የሩቅ ደሴት ይጠቅምሃል።

ሰሌዳው ቀርፋፋ ይሁን ካልክም መንገድ አለ፤ የካናሪና የኬፕ ቨርዴ ደሴቶች እንደዚያ ናቸው። ግን እዚያ የዕድሜው ሥርዓት ይደበዝዛል። ከካናሪዎች አሮጌ ከሚባሉት አንዷ ላንዛሮቴ እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 ድረስ ስትፈነዳ ቆይታለች። ያንተ ካርታ ውበቱ በዕድሜ መደርደሩ ስለሆነ እኔ አልነካውም ነበር።

ፍም ላይ ሦስት ነገር አስተካክል።

አንደኛ ስፋቱ። 2,400 ሜትር ከፍታ በ12 ኪሎ ሜትር ስፋት ላይ ካስቀመጥክ ከዳርቻ እስከ ጫፍ አማካይ ቁልቁለቱ 22 ዲግሪ ይሆናል፤ ለአንድ ሙሉ ደሴት እጅግ ሹል ነው። ኬፕ ቨርዴ ያለው ፎጎ 2,829 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍምን 25 ኪሎ ሜትር ብታደርገው ወደ 11 ዲግሪ ይወርዳል። እንደ ሀዋይ የተደፋ ሰፌድ እንዲመስል ከፈለግክ ግን በ6 ዲግሪ ሥለው፣ ስፋቱ 46 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

ሁለተኛ አሸዋው። በእንዲህ ያለ ደሴት ላይ ነጭ አሸዋ የኮራልና የዛጎል ድቃቂ ነው፤ ላቫ ዳርቻውን በየጊዜው በሚሸፍንበት ደሴት ኮራል ገና አልበቀለም። የፍም አሸዋ ጥቁር ይሁን። የጋለ ላቫ ባሕር ሲነካ እንደ ብርጭቆ ፍርክስክስ ይላል፤ ጥቁሩ አሸዋ ያ ነው። ለጎብኚ አንድ ብርቅ ነገር ከፈለግክ አረንጓዴ አሸዋ ያለበት ትንሽ ገብ ዳርቻ ጨምር። ማዕበል የበላው የገሞራ ኮረብታ ኦሊቪን የተባለው አረንጓዴ ማዕድን ከበዛበት፣ ቀላሉን ድቃቂ ባሕሩ ይወስደዋል፤ ከባዱ ኦሊቪን እዚያው ይከማቻል። በሀዋይ ደቡባዊ ጫፍ ያለው ፓፓኮሌያ እንዲህ ነው የተሠራው።

ሦስተኛ ወንዙ። አዲስ ላቫ በስንጥቅ የተሞላ ነው፤ የዘነበው ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ፍም ላይ ወንዝ አይኑር፤ ዝናብ ሲመታ ብቻ የሚፈስ ደረቅ ቦይ ይበቃል። መከፈሉን ደግሞ ከየትኛውም ደሴትህ አጥፋ። ወንዝ ወደ ታች ሲወርድ ይገናኛል እንጂ አይለያይም፤ የሚለያየው ደለል ባነጠፈው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ነው፤ አንተ ዘንድ ያ የለም።

የነፋስ_ጎን

በረዶውን አንሣው። በ16 ዲግሪ ላይ የባሕር ጠረፍ አማካይ ሙቀት 26 ዲግሪ ይሁን። በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ከቀነስክ ፍም ጫፍ ላይ 10 ዲግሪ፣ ጉምራስ ጫፍ ላይ 6 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። አማካዩ ዜሮ የሚደርሰው 4,000 ሜትር ላይ ነው። ጉምራስ ላይ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይ ሲነካው ይጠፋል። ከዚያ በላይ አትጻፍ።

አሁን ዝናቡ። እርጥቡ ነፋስ ሰሜን ምሥራቁን ይመታል፣ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ያዘንባል። ከጀርባ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ አየሩ ደርቆና ሞቆ ይወርዳል። በአንድ ደሴት ላይ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ሽበት የለበሰ ደንና ቁልቋል የበቀለበት መሬት ይገናኛሉ። ታዲያ የገደሎ ፏፏቴ በደረቁ ወገን ምን ይመግበዋል?

ሁለት ምርጫ አለህ። አንዱ፣ ፏፏቴውን ወደ ሰሜን ምሥራቁ የባሕር ገደል ማዞር ነው። ባሕሩ ገደሉን የሚበላበት ፍጥነት ጅረቱ አልጋውን ከሚቆፍርበት ስለሚበልጥ ጅረቶቹ ከላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ ውሃው በቀጥታ ባሕር ላይ ይወርዳል። ሌላው፣ እኔ የምወደው፣ የገደሎን አናት ሹል ሳይሆን ሰፊ ረግረግ ማድረግ ነው። ካዋይ ላይ የአላካይ ረግረግ እንዲህ ነው፤ ከዚያ የሚነሣው ውሃ ወደ ደረቁ ወገን ይወርድና 900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለውን የዋይሜያን ቀይ ሸለቆ ይቆርጣል። ቀይ ደረቅ ገደል፣ መሀሉ ላይ የማይነጥፍ ውሃ፤ ማንም አይቶ አይረሳውም።

ባለብዕር

ረግረጉን ወስጃለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር፤ ከፍታ ዝናብ ካመጣ ከሁሉ የሚረዝመው ጉምራስ ከሁሉ በላይ ዝናብ ያገኛል ማለት ነው? ደኑን እስከ ጫፍ የወሰድኩት ለዚህ ነበር።

የነፋስ_ጎን

አይደለም፤ ብዙ ምናባዊ ካርታ የሚስተው እዚህ ነው። በዚህ ነፋስ ቀበቶ ውስጥ ከ2,000 እስከ 2,500 ሜትር ላይ ሞቃትና ደረቅ አየር እንደ ክዳን ተቀምጧል። ደመናው ክዳኑን መስበር ስለማይችል ከሥሩ ይተኛል። 1,569 ሜትር የሆነው የካዋይ ዋያሌአሌ ከክዳኑ በታች ስለሆነ ደመናው አናቱን ያጥበዋል፤ በዓመት ከ9,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል። 4,207 ሜትር የሆነው ማውና ኬያ ጫፍ ግን በረሃ ነው። የቴሌስኮፕ ጣቢያዎች እዚያ የተተከሉት ሰማዩ ደረቅና ጥርት ያለ ስለሆነ ነው።

እኛ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለን የምንከፍልበትን ከፍታ እዚህ አታምጣው። በአህጉር መሀል ባለ ሰፊ ደጋ ላይ የዕፀዋት ቀበቶ ወደ ላይ ይገፋል፤ ብቻውን በባሕር መሀል በቆመ ተራራ ላይ ዝቅ ይላል። ለጉምራስ ሰሜን ምሥራቅ ይህን ውሰድ፦ እስከ 600 ሜትር ለእርሻ የሚሆን መሬት፣ ከ600 እስከ 1,800 ሜትር የጉም ደን፣ እስከ 2,200 ሜትር እያጠረ የሚሄድ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ በላይ ጥቁርና ቀይ ጠጠር። በደቡብ ምዕራብ በኩል የጉም ደኑ ጠባብ ቀበቶ ነው፤ ከታቹ ደረቅ መሬት።

አንድ ነገር ልጨምር። ደሴቶችህ በዚህ ቦታ ካሉ ከባድ የአውሎ ነፋስ ወቅት ይኖራቸዋል፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አድርገው። በተራራማ ደሴት ላይ እንዲህ ያለ ቀን ምን ያህል ሊያዘንብ እንደሚችል ለመገመት፣ በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው ሬዩኒየን ላይ እ.ኤ.አ. በጥር 1966 በ24 ሰዓት ውስጥ 1,825 ሚሊ ሜትር ተለክቷል። መንገድና ድልድይ ስትሥል ይህን አስብ።

ምንጭ_ፈላጊ

ከተማ የሚቆመው ውሃ ባለበት ነው፤ ካርታው ላይ ግን ምንጭ አላየሁም። በእሳተ ገሞራ ደሴት ውስጥ የዝናቡ ውሃ ከጨዋማው ውሃ በላይ እንደ ምስር ቅርጽ ተንሳፎ ይቀመጣል፤ ጨዋማው ስለሚከብድ። ሕጉ ይህ ነው፦ ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከቆመ፣ ከባሕር ወለል በታች 40 ሜትር ይጠልቃል። ዳርቻው አካባቢ ከፍታው ግማሽ ሜትር ቢሆን ከታች 20 ሜትር ብቻ አለ ማለት ነው። ጉድጓዱን ከዚያ አልፈህ ከቆፈርክ ወይም ከሚሞላው በላይ ከቀዳህ ጨው ከታች ይወጣል፤ አንዴ ከገባ በቶሎ አይለቅም። ስለዚህ በደረቁ ዳርቻ ላይ የምታስቀምጠው ከተማ ጉድጓድ ላይ ብቻ ተመክቶ ሊያድግ አይችልም።

ለመንታና ለጉምራስ የፖርቱጋልን ደሴት ማዴይራን ተመልከት። ሰሜኑ እርጥብ፣ ደቡቡ ደረቅና ለእርሻ የሚመች። ሰዎቹ ከተራራው ወገብ ላይ ሌቫዳ የሚባል ጠባብ የውሃ ቦይ እየፈለጡ ከእርጥቡ ወደ ደረቁ አመጡት፤ ዛሬ በጠቅላላው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለቦዩ ጠባቂ ተብሎ የተሠራው ጠርዝ ዛሬ ከደሴቲቱ ዋና መስህቦች አንዱ ነው፤ ቦዩ ብዙ ስለማይወጣና ስለማይወርድ ማንም ይሄድበታል።

ስትሥለው የከፍታ መስመሩን ተከትለህ ሂድ፤ በ1 ኪሎ ሜትር 2 ሜትር ያህል ብቻ ይውረድ። ሸለቆ ሲያጋጥም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጅረቱን ይሻገራል፣ በሌላው ወገን ይመለሳል። ተረተር ሲያጋጥም በመሿለኪያ ያልፋል። ስፋቱ ግማሽ ሜትር፣ የእግር ጠርዙ ከዚያም ያነሰ፣ በአንድ ወገን ገደል። ችግሩ ሁሌም አንድ ነው፦ ናዳ። ከላይ የወደቀ አንድ ቋጥኝ ቦዩን ይዘጋዋል፣ ውሃው ጠርዙን አልፎ ይፈሳል፣ የፈሰሰው ከሥር ያለውን አፈር ያጥባል፣ ጠርዙ ራሱ ይሄዳል። ጠባቂ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በየጥቂት መቶ ሜትር ውሃውን ወደ ጅረት የሚያስለቅቅ ትንሽ የብረት መዝጊያ አድርግለት።

መልሕቅ

ወደቡን ከሰሜን ምሥራቅ አንሣ። ዓመቱን ሙሉ የሚነፍስ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ሞገድ ያመጣል፤ እዚያ የታሰረ መርከብ ገመዱን ይበጥሳል። ወደ ምዕራብ ወይም ደቡብ ምዕራብ ይዙር። ሰሜን ምዕራብ አይሁን፤ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በሰሜኑ የብርድ ወራት፣ ከሰሜን ርቀው የሚነሡ ረጃጅም ሞገዶች እዚያ ይገባሉ።

ከነፋስ መከለሉ ብቻ አይበቃም። የእሳተ ገሞራ ደሴት ከዳርቻው ጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ገደል ሆኖ ይወርዳል፤ መልሕቁ መሬት አያገኝም። መልሕቅ የሚይዘው ትልቅ ሸለቆ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ነው፤ ጅረቱ ያወረደው ደለል ከውሃው በታች ደፍ ሠርቶለታል። ከተማው እዚያ ይሁን።

ቀለበት ላይ ኮራሉን ያልተቋረጠ ክብ አድርገህ ሥለኸዋል፤ እንደዚያ ከሆነ ጀልባ አይገባም። በር የሚከፈተው ሸለቆ ፊት ለፊት ነው፤ የወንዝ ውሃና ጭቃ ኮራሉን ይገድለዋልና። ሞገዱ በነፋሱ ወገን ኮራሉን እየዘለለ ውስጡን ይሞላዋል፤ የገባው ሁሉ የሚወጣው በዚያ በር ስለሆነ ፍሰቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ ነው፣ ሞገድ በበረታ ቀን ደግሞ እንደ ወንዝ ይጎርፋል። መግባት ያለበት ፀሐይ ከፍ ብላ ከጀርባ ስትሆን ነው፤ ያኔ ጥልቁ ሰማያዊ፣ መካከለኛው አረንጓዴ፣ ጀልባ የሚነካው ቡናማ ሆኖ ይለያል። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ሁሉም ብር ይመስላል።

ለታሪክህ የሚጠቅም አንድ ቀመር፦ የከፍታውን ስኩዌር ሩት በ3.57 አባዛ፤ ከዚያ ከፍታ የአድማሱን ርቀት በኪሎ ሜትር ታገኛለህ፤ ከፍታው በሜትር ይሁን። የፍም ጫፍ 175 ኪሎ ሜትር። ዓይኑ ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ያለ መርከበኛ 6 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። እንግዲህ ጥርት ባለ ቀን ጫፉ በ181 ኪሎ ሜትር ላይ ብቅ ይላል። ሜዳ ግን ዛፎቹን ጨምሮ 23 ሜትር ቢሆን የሚታየው በ23 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ በ10 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ጀልባ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በልጦ ሲቀረው። በሌሊት ከሆነ ጨርሶ አይታይም። የፓስፊክ ቀዛፊዎች ዝቅተኛ ደሴት የሚያገኙት በዓይን ብቻ አልነበረም፤ ማታ ወደ መሬት የሚመለሱ ወፎችን፣ ባለበት የቆመ ደመናን፣ ከደሴቱ መሀል ውሃ በደመናው ሆድ ላይ የሚንጸባረቅ አረንጓዴ ቀለምን ይከተሉ ነበር።

ከፍም ወደ ጉምራስ ያለውን ወሽመጥ 45 ኪሎ ሜትር አድርገው፤ በ10 ኖት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ነፋሱ በሁለቱ ተራሮች መካከል ሲጨመቅ ይፈጥናል። ስለዚህ ጀልባዋ ከዳርቻው ሥር እያለች ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቶ፣ የተራራውን ጥግ ስታልፍ በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ አረፋ ያገኛታል። ንጋት ላይ ተነሥታ ከቀትር በፊት ትግባ።

ባለብዕር

መልሕቅ፣ ከመንታ ዳርቻ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ባሕሩ ሲጎድል በእግር የሚሻገሩበት የ2 ኪሎ ሜትር መንገድ አስቤ ነበር። ይሆናል?

መልሕቅ

በዚያ ርዝመት አይሆንም። ባሕሩ በ10 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሞላና የሚጎድለው ጥልቀት በሌለው የአህጉር ጠርዝ ላይ ነው። በውቅያኖስ መሀል ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር እምብዛም አያልፍም። 300 ሜትር የሆነ፣ ሞገድ ከሁለት ወገን አሸዋ ገፍቶ የሠራው ጠባብ ድልድይ አድርገው። ልዩነቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከጉድለቱ ዝቅተኛ ነጥብ በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት 5፣ በሁለተኛው 10፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 15 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ከዚያ በመጣበት አኳኋን ይቀንሳል። እንግዲህ አሸዋው ከዝቅተኛው ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ካለ መሻገሪያው 2 ሰዓት ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት የመጀመሪያውን ሰዓት ዝግታ አይተው ሲተማመኑ ነው። ጉድለቱ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ስለሚመጣ ነገ ከዛሬው 50 ደቂቃ ዘግይቶ ነው።

አቀበት

ስለ መንገዶቹ። አንድ ሰው በደልዳላ መሬት ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ተጨማሪ 1 ሰዓት፤ ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ለካርታ ይበቃል። የጉምራስ መኪና መንገድ 1,400 ሜትር ላይ ቢያልቅና ጫፉ በ11 ኪሎ ሜትር ቢርቅ 2.2 ሰዓት ለርቀቱ፣ 2.8 ሰዓት ለአቀበቱ፣ በድምሩ 5 ሰዓት። ይህም ያለ ዕረፍት ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በዚያው ቀን 3,100 ሜትር የወጣ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ 2,300 ሜትር ላይ ማደሪያ ጎጆ ሥራለት። ከጎጆው 4 ኪሎ ሜትርና 800 ሜትር አቀበት 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል የተነሣ ለ12 ሰዓቱ ንጋት ይደርሳል። ከጎጆው ደጃፍ ራሱ የደመናው ባሕር ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ የፍም ጫፍ እንደ ደሴት ከደመናው በላይ ብቻውን ይወጣል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ደመናው እያበጠ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ወደ ታች የሚመለስ ሰው የሚጠፋው ያኔ፣ በጠጠሩና በቁጥቋጦው ድንበር ላይ ነው፤ ጠጠር ላይ ዱካ አይቀርም። እዚያ በየ30 ሜትሩ የድንጋይ ክምር ምልክት ይኑር።

ፍም ላይ ሁለት ዓይነት ላቫ አለ፤ ስማቸው ከሀዋይ ቋንቋ የመጣ ነው። ፓሆይሆይ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ለስላሳ ነው፤ ይረገጣል፣ ግን ቅርፊቱ ስስ ሆኖ ከሥሩ ባዶ የሆነበት ቦታ አለ። አአ ስለት የሆነ ድንጋይ ክምር ነው፤ ጫማ ይበላል፣ የወደቀበትን እጅ ይቆርጣል፤ እዚያ ላይ ሰዓቱን በእጥፍ አስላ። ላቫው ባሕር የሚገባበትን ቦታ ለጎብኚ ከሩቅ ብቻ አሳየው። እንፋሎቱ አሲድና የብርጭቆ ብናኝ አለበት፤ ከዚህም የከፋው፣ አዲሱ መሬት በላላ ድቃቂ ላይ የቆመ ስለሆነ ሳይታሰብ ተቆርሶ ባሕር ይገባል።

የገደሎን የባሕር ገደል መንገድ ቀጥ አድርገህ አሥምረኸዋል። እያንዳንዱን ሸለቆ ወደ ውስጥ ገብቶ መውጣት አለበት። ካዋይ ላይ ያለው የካላላው መንገድ በአንድ ወገን 18 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድካሙ ከርቀቱ አይደለም፣ ከመውጣትና ከመውረዱ እንጂ። አደጋውም ጅረቶቹ ናቸው። ታች ፀሐይ እያለ አናቱ ላይ ይዘንባል፤ ተፋሰሱ አጭር ስለሆነ ውሃው በደቂቃዎች ይሞላል። ውሃው ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ሲያመጣ፣ ድምፁ ሲወፍር አይሻገሩም። በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ መጠበቅ ነው።

ፏፏቴውንም ከሥሩ ሳይሆን ከፊት ለፊት ተረተር ላይ አሳይ። ቀጭን ውሃ 300 ሜትር ሲወርድ ግማሹ ጉም ይሆናል፤ ነፋስ በበረታ ቀን ወደ ላይ ይመለሳል። ከሥር ደግሞ ድንጋይ ይወርዳል።

ክንፍና_ቅጠል

ዝንጀሮውንና እባቡን ሰርዝ፤ ወይም ሰው በጀልባ ያመጣቸው አድርጋቸው። ከአህጉር ተገናኝቶ የማያውቅ ሩቅ ደሴት ላይ የሚደርሰው የሚበር፣ የሚንሳፈፍ ወይም በወፍ እግርና ሆድ የሚጓዝ ነው። በሀዋይ ሰው ከመድረሱ በፊት የነበረው የየብስ አጥቢ የሌሊት ወፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ወፍ፣ የሌሊት ወፍ፣ ቀንድ አውጣ፣ ነፍሳት፣ ምናልባት በግንድ ላይ ተንሳፎ የመጣ እንሽላሊት። አዳኝ ስለሌለ መብረር የተወች ወፍ ልትኖር ትችላለች።

ከ20,000 ዓመት በፊት ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። መንታና ያቺ ትንሽ ደሴት መካከላቸው ከዚህ ያነሰ ጥልቀት ካለው አንድ ምድር ነበሩ፤ እንስሶቻቸው ይመሳሰሉ። ጉምራስና ፍም በጥልቅ ባሕር ስለተለያዩ ለየብቻ የሆነ ቀንድ አውጣና ቁጥቋጦ ይኑራቸው።

ለደረቁ ወገን ከየመን ደሴት ከሶኮትራ የዘንዶ ደም ዛፍ አንድ ሐሳብ ውሰድ። አናቱ ወደ ላይ እንደ ተገለበጠ ጃንጥላ ነው፤ ጉሙ ቅጠሉ ላይ ይረጋና ወደ ግንዱ፣ ከዚያም ወደ ሥሩ ይወርዳል። ግንዱ ሲቆረጥ የሚወጣው ሙጫ ደም ይመስላል። ፍየል የገባበት ደሴት ከሆነ ግን አሮጌ ዛፎች ብቻ ይታያሉ፤ ችግኙ ሁሉ ይበላል። ይህን አንድ መስመር ብቻ ብትጽፈው የደሴቱን ታሪክ ይነግራል።

ባለብዕር

ሁሉንም ጽፌአለሁ። አየር ማረፊያው ቀረ። መንታ ላይ ከገደሉ ሥር ያደረግሁት ከነፋስ የተከለለ ስለሆነ ነበር። ወደቡን ደግሞ ወደ ጉምራስ ምዕራብ አዛውሬ በአንድ ግማሽ ጨረቃ በሚመስል ሰፊ ገብ ዳርቻ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ከጀርባው 1,000 ሜትር ገደል ነው።

የነፋስ_ጎን

የተከለለ ቦታ ለአውሮፕላን ይከፋል። ነፋሱ ገደሉን አልፎ ሲወድቅ ይሽከረከራል፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል አንዴ ያነሣዋል፣ አንዴ ይጥለዋል። ኮርቻው ላይ አድርገው። 60 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሜዳ ነው፣ ፊትና ኋላው ባሕር ነው። ከሀዋይ ደሴቶች የማዊ ዋና አየር ማረፊያም በሁለት ተራሮች መካከል ባለ ዝቅተኛ መሬት ላይ ነው። ነፋሱ እዚያ ይበረታል፤ ነገር ግን ቀጥ ብሎ ከሜዳው ርዝመት ጋር ይመጣል። የማረፊያው ቁጥር ከአቅጣጫው ይወጣል፦ ነፋሱ ከ40 ዲግሪ ከመጣ 04፣ ሌላው ጫፍ 22። ርዝመቱን 1,400 ሜትር አድርገው፤ ባለ ፕሮፔለር የሃገር ውስጥ አውሮፕላን ይበቃዋል።

ዓለት_አንባቢ

ግማሽ ጨረቃው ቆንጆ ነው፤ ግን ምክንያቱን ካርታው ላይ ጨምርለት። እንዲህ ያለ ገብ ዳርቻ የሚሠራው የተራራው ጎን በአንድ ጊዜ ተንዶ ባሕር ሲገባ ነው። በካናሪ ደሴቶች ኤል ኢየሮ ላይ ኤል ጎልፎ የሚባለው እንዲህ ነው፦ ከኋላ የቆመ ገደል፣ ከሥሩ ለእርሻ የሚሆን ዘንበል ያለ ሜዳ። እንግዲህ ከዳርቻው ውጭ፣ በባሕሩ ወለል ላይ፣ ቤት የሚያህሉ ቋጥኞች እስከ ብዙ ኪሎ ሜትር ተበትነው አሉ፤ በባሕር ካርታህ ላይ አልፎ አልፎ ጥልቀቱ በድንገት የሚቀንስባቸውን ነጥቦች አድርግ።

ከገደሉ ሥር ለሚኖሩት ግን ናዳ የየዓመቱ ነገር ነው። ቤቶቹን ከገደሉ እግር ቢያንስ 500 ሜትር አርቃቸው፤ በመሀል ያለውን የወይን ወይም የሙዝ እርሻ ያዘው። ወደ ላይኛው መንገድ በገደሉ ፊት ጥምዝምዝ ከሠራህ በየክረምቱ ይዘጋል፤ መሿለኪያ ይሻላል። የመሿለኪያው አፍ የሚከፈተው ከደለሉ በላይ፣ ጠንካራው ዓለት በሚጀምርበት ነው፤ ያ መስመር ብዙውን ጊዜ ምንጭ የሚወጣበትም ስለሆነ የከተማውን ውሃ ከዚያው ታገኛለህ።